ማኪያቶ ማሽን ሥር ያለችው ሲሊንደር ወደ ሞተርሆሙ ትግባ?

ይጠይቁ፣ እንመልሳለን

ጥያቄ፦ የጎንደር አዘዞ ነዋሪ ነኝ። እንግዶችን ወደ ሰሜን ተራሮች የማመላልስበት፣ ከኋላው መኝታ፣ ኩሽናና ሻወር የተሠራለት ሞተርሆም አለኝ። የንጹህ ውሃ ታንከሩ 100 ሊትር፣ ቦይለሩ 10 ሊትር ነው፤ ፓምፑ በ12 ቮልት ይሠራል። በዓመት ሁለቴ ያህል ደግሞ ድሬዳዋና ሐረር ይደርሳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሻወሩ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም፤ ቦይለሩም ሲሞቅ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። አንድ ባለሙያ «ውሃው ካልሲየም በዝቶበታል፤ ቡና ቤቶች ከማሽናቸው ሥር የሚያስቀምጧትን ሶፍትነር ግጠምለት» ብሎኛል። ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ሶፍትነር፣ ማለትም ካልሲየሙን ከውሃው ውስጥ የምታስቀረውን ሲሊንደር፣ ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ አቼቶ ይግዙ። የሻወሩን ራስ ይፍቱና ውስጡ የተጠራቀመውን ነጭ ሳህን ላይ ያራግፉት፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ አቼቶ ያፍስሱበት። እንደ አምቦ ውሃ ከፈላ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም ኖራ። ዝም ብሎ ከተኛ፣ በጣት ሲያሹትም ከሻከረ ወይም ቡናማ ቀለም ከሰጠ ደለልና አሸዋ ነው።

ይህን የምናስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎንደር ዋና የውሃ ምንጮች አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው፤ ከዙሪያው ተዳፋት እየታጠበ የሚገባው ደለል ደግሞ የግድቡ የቆየ በሽታ ነው። ውሃው ተጣርቶ ቢለቀቅም በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ባዶ ሆኖ የሰነበተው መስመር ሲሞላ የቧንቧውን ዝገትና ጭቃ ጠራርጎ ያመጣል። ያ ሁሉ ሮቶ ውስጥ ይዘቅጣል፤ መኪናው ደግሞ የሚሞላው ከሮቶው ግርጌ ካለው መውጫ ነው። ስለዚህ የሻወሩ ጥፋት የደለል ሊሆን ይችላል። ደለል ላይ ሶፍትነር መግጠም ደግሞ ፋይዳ ቢስ ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ መጀመሪያ የሚታፈነው ራሱ ሶፍትነሩ ይሆናል።

የቦይለሩ መንጣጣት ግን ሌላ ነው። ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር፣ ከቅርፊቱ ሥር የተያዘችው ትንሽ ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጣ ስትወጣ ነው ያ ድምፅ የሚሰማው። ከጥያቄዎ እንደተረዳነው መኪናዎ ሁለት በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ሻወሩ ላይ ደለል፣ ቦይለሩ ውስጥ ኖራ። ሶፍትነር የሚያክመው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የተጋገረውን ቶሎ አያነሳም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ሳሙና በቀላሉ አረፋ የማይሰጥበት፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ጠንካራ ውሃ ይባላል። ጎንደር የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ በእንዲህ ያለ አገር ከዝናብ የሚጠራቀም የግድብ ውሃ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ጠንካራ አይሆንም። የጉድጓድ ውሃ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ድሬዳዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ አለ፤ የከርሰ ምድር ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ኖራውን ይዞ ይወጣል። እዚያ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር በደንብ ያውቀዋል። የእርስዎን ቦይለር ጎንደር ይሁን ድሬዳዋ ያበላሸው የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በመለካት ነው።

ምንም ገንዘብ ሳያወጡ መለካት ከፈለጉ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዘጋጁ። በአንዱ ሩብ ሊትር የባትሪ ውሃ (አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን ውሃ) ወይም የዝናብ ውሃ፣ በሌላው ሩብ ሊትር የሚሞሉትን ውሃ ያድርጉ። በሁለቱም ላይ እኩል መጠን ያለው የተፋቀ የልብስ ሳሙና ጨምረው እኩል ጊዜ ይምቷቸው። በሁለተኛው አረፋው ቶሎ ከከሰመና ውሃው ወተት ከመሰለ ጠንካራ ነው። ላርጎን የመሰለ ፈሳሽ ማጠቢያ ለዚህ ፍተሻ አይሆንም፤ በጠንካራ ውሃም አረፋ እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ያሳስትዎታል።

ቁጥር ከፈለጉ በጠብታ የሚለካው መሣሪያ ይሻላል። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ይጠቀሙበታል። በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ቀለሙ ከቀይ ወደ አረንጓዴ እስኪቀየር ድረስ እየቆጠሩ ያንጠባጥባሉ፤ በአብዛኞቹ ላይ አንዷ ጠብታ በሊትር 18 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ካርቦኔት ማለት ናት። በ7ኛዋ ከተቀየረ 126 ነው። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል።

እስኪ ውሃዎ 150 ነው እንበል። በአንድ የአራት ቀን ጉዞ ታንከሩን ሁለቴ ቢሞሉ 200 ሊትር ነው፤ በውስጡ 30 ግራም ኖራ አለ። ከዚህ ውስጥ በቦይለሩ የሚያልፈው ሲሶው ቢሆን 10 ግራም ነው። በዓመት 20 ጉዞ ቢሄዱ፣ ያ ሁሉ ቢጋገር እንኳ 200 ግራም ነው፤ በእውነቱ ደግሞ የሚጋገረው ከፊሉ ብቻ ነው። ይህን ግማሽ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በዓመት አንድ ጊዜ ያነሳዋል።

ስለዚህ መልሳችን፦ ለእርስዎ አጠቃቀም ሶፍትነር አይግጠሙ። በዓመት 365 ቀን ውሃ የሚያሞቅ ሆቴል ቢሆን ሒሳቡ ሌላ ነበር። ሶፍትነሩ ከነውሃው 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ቦታ ይይዛል፣ ጨው ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ በታጠበ ቁጥር 50 ሊትር ያህል ውሃ ያፈሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የታንከርን ግማሽ ለእጥበት ማፍሰስ ያንገበግባል።

በእሱ ፈንታ ሦስት ነገር ያድርጉ። የመጀመሪያው ደለሉን መከላከል ነው። ታንከሩ በሚሞላበት ጎማ ላይ ሁለት ባለ 10 ኢንች የማጣሪያ ቤት (ማጣሪያው የሚቀመጥበት ዕቃ) ይግጠሙና መጀመሪያ የ20 ማይክሮን፣ ቀጥሎ የ5 ማይክሮን ማጣሪያ ያስገቡ። 5ቱን ብቻ ካደረጉ በክረምት ቶሎ ይደፈናል። ፓምፑ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ፈትተው ይጠቡ፤ ብዙ ጊዜ «ፓምፑ ደክሟል» ተብሎ የሚቀየረው ወንፊቷ ተደፍና ነው። ሁለተኛው የቦይለሩን ሙቀት ከ60 ዲግሪ አለማሳለፍ ነው፤ ኖራው በብዛት መጋገር የሚጀምረው ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ይሁን እንጂ ለብ ብቻ አድርገው ለቀናት አያስቀምጡት፤ ለብ ያለ ውሃ ለጀርም የተመቸ ነው። ከጉዞ ሲመለሱ ቦይለሩን አፍስሰው ባዶ ያድርጉት።

ሦስተኛው አሁን የተጋገረውን ማንሳት ነው። ኤሌክትሪኩንም ጋዙንም ያጥፉ፤ ቦይለሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ ያፍስሱት። የሻወሩን ራስና በቧንቧዎቹ አፍ ላይ ያሉትን ወንፊቶች ይፍቱ፤ አለዚያ ተሰባብሮ የሚወርደው ቅርፊት እንደገና ይደፍናቸዋል። በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ ያሟሙ። ውሃው እጅ የማያቃጥል ይሁን፤ በጣም ከሞቀ ካልሲየሙ ከአሲዱ ጋር ተጣምሮ ሌላ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። የፓምፑን መሳቢያ ጎማ ከታንከሩ ነቅለው ባልዲው ውስጥ ይክተቱና የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው ኮምጣጣው ውሃ እስኪመጣ ድረስ ይሳቡ። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይተዉት። በየሃያ ደቂቃው ሙቅ ቧንቧውን ለአፍታ ይክፈቱ፤ ውስጥ ጋዝ ስለሚፈጠር መውጫ ይፈልጋል። በምንም ዓይነት ማሞቂያውን አያብሩ። ከዚያ አፍስሰው ቢያንስ በሁለት ሙሉ ቦይለር ንጹህ ውሃ ያጥቡት። የሚወጣው ውሃ ላይ ቅርፊት ገና እየመጣ ከሆነ ይድገሙት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። የቦይለሩ ሆድ አሉሚኒየም ከሆነ አሲዱን በግማሽ ቀንሰው ከአንድ ሰዓት በላይ አያቆዩት፤ ለማወቅ መመሪያውን ወይም የተለጠፈበትን ታርጋ ይመልከቱ። ሌላው፣ አሲድና በረኪና በአንድ ቀን አይገናኙ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በመኪና ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ሰው ይገድላል።

ድሬዳዋ ሲሄዱስ? ለሁለት ጉዞ ሲባል ሶፍትነር ተሸክሞ ዓመቱን ሙሉ መዞር አያዋጣም። እዚያ ሲሞሉ ቦይለሩን ለሻወር ብቻ አብርተው ወዲያው ያጥፉ፤ ከተመለሱ በኋላ በሲትሪክ አሲድ ያጥቡት። መኪናው ወራት እዚያ የሚሰነብት ከሆነ ግን ሐሳባችንን እንቀይራለን። ያን ጊዜም የሚገጠመው በሚሞላው ጎማ ላይ ነው እንጂ ከፓምፑ በኋላ አይደለም። ከእነዚህ ፓምፖች ብዙዎቹ በደቂቃ 10 ሊትር ያህል ይገፋሉ፤ 8 ሊትር ሬዚን (ካልሲየሙን የሚይዙት ጥቃቅን እንክብሎች) ያላት ሲሊንደር ውሃውን በደንብ የምታለሰልሰው በደቂቃ ከ3 እስከ 5 ሊትር ቢያልፍባት ነው። ፈጥኖ ያለፈ ውሃ ኖራውን እንደያዘ ይወጣል።

በተጨማሪም ከሮቶ በስበት የሚሞሉ ከሆነ ግፊቱ አይበቃም። ውሃ በ1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት የባር አንድ አሥረኛ ነው፤ በ3 ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ብቻ ይሰጣል። ሁለት ማጣሪያና አንድ ሶፍትነር ይህን ውጠው ያስቀሩታል። በመካከል ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ወይም ማታ ከፍተው ሲነጋ ማግኘት ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ ቡና ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከማሽኑ ሥር ባለ 8 ሊትር ሶፍትነር አለን። በየጊዜው ጨው እንጨምርበታለን፤ ግን ማሽኑ ነጭ መጋገሩን አልተወም። አንዳንዴ ደግሞ ማኪያቶው ጨው ጨው ይላል ብለው ደንበኞች ይመልሱታል። ምን እያጠፋን ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ሶፍትነሩ በጨው ሲታጠብ የሚፈጠር ጉድለት ናቸው። ጨው ውሃውን አያለሰልስም፤ የሚያለሰልሰው ውስጥ ያለው ሬዚን ነው። ሬዚኑ እንደ ዓሣ እንቁላል ያሉ ጥቃቅን እንክብሎች ነው፤ በላዩ ሶዲየም ይዟል፤ ውሃው ሲያልፍ ካልሲየሙን ይቀበልና ሶዲየሙን ይለቃል። የያዘው ሶዲየም ሲያልቅ ሥራ ያቆማል። የጨው ሥራ ካልሲየሙን አባሮ ሶዲየሙን መመለስ ነው።

1 ኪሎ ጨው የተደረገባት ባለ 8 ሊትር ሲሊንደር 320 ግራም ያህል ኖራ ትይዛለች። ውሃችሁ 150 ከሆነ 2,100 ሊትር፣ 300 ከሆነ 1,000 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ሁሉ ሳይለሰልስ ይሄዳል። ስለዚህ «በየጊዜው» አይበቃም፤ ማሽኑ በቀን ስንት ሊትር እንደሚወስድ ይለኩና ቀን ይቁረጡ። 60 ሊትር ከሆነና ውሃው 300 ከሆነ በየ16 ቀኑ መታጠብ አለባት።

ሲያጥቡም ማሽኑ ይጥፋ። ሁለቱ እጀታዎች ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ ግፊቱ በቀጭኗ ቱቦ እስኪወጣ ይጠብቁ። ይህን ሳይጠብቁ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱን በውሃና በሬዚን ይታጠባል። ክዳኑን ከፍተው 1 ኪሎ ጨው ያስገቡ፤ የጎሚኒውን መቀመጫ ከጨውና ከሬዚን ቅንጣት በደንብ ይጥረጉ፤ ይዝጉ። ከዚያ የላይኛውን፣ ውሃ የሚያስገባውን እጀታ ብቻ ወደ ግራ ይመልሱ። ጨዋማው ውሃ በቀጭኗ ቱቦ ቀስ ብሎ መውጣት ይጀምራል። ይህ 40 ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማታ ቡና ቤቱ ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ በ10 ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ፣ ጨው የሚል ማኪያቶ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሚወጣውን ቀምሰው ጨውነቱ ሲጠፋ የታችኛውን እጀታ ይመልሱ። የእናንተ ሲሊንደር እጀታ አንድ ብቻ ከሆነ ወይም ቦታው ከተለየ በላዩ የተለጠፈውን ሥዕል ይከተሉ፤ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

የጨውም ነገር አለ። አሞሌ ወይም ያልታጠበ ሻካራ ጨው አይጠቀሙ። እንዲህ ያለው ጨው ጭቃ ይይዛል፣ ካልሲየምም አይጠፋውም፤ ካልሲየም ለማባረር ካልሲየም መጨመር ይሆናል። የታጠበ፣ የታሸገ የገበታ ጨው ይሻላል፤ አዮዲን ቢኖረውም በዚህ መጠን ሬዚኑን አይጎዳውም። ሌላ ካልተገኘ ሻካራውን በውሃ አሟሙተው፣ አዝቅጠው፣ በነጠላ አጥልለው ጥሩውን ብቻ ያፍስሱበት።

በትክክል ታጥቦም ካልሠራ ሬዚኑን ይመልከቱ። ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ ከሄደ ብረት ይዞታል፤ ከብረት ቧንቧ ዝገት ጋር የሚመጣ ነው። በጣት ሲጫኑት እንደ ገንፎ ከላሸ ክሎሪን በልቶታል፤ መቀየር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። ለኩላሊት ጠጠር ይዳርጋል ይሉናል። ለልጄም የዱቄት ወተት የማዘጋጅበት ውሃ ስለሆነ ሶፍትነር ልግዛ?

መልስ፦ ለዚህ ሲሉ አይግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ጥንካሬ ላይ ለጤና ሲል ያስቀመጠው ገደብ የለም፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ነገር የሚጎዳው ማንቆርቆሪያውንና የመብራት ሒሳብዎን ነው። ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ አድርገው ለብ ያድርጉት፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይታጠብ።

ሶፍትነሩ ግን ለልጅዎ የማይመከርበት ምክንያት አለ። ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም ኖራ 46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ውሃው ውስጥ ይገባል፤ 300 የሆነ ውሃ ሲለሰልስ በሊትር 138 ሚሊ ግራም ይጨመርበታል። የጨቅላ ኩላሊት ይህን ያህል ጨው አያስፈልገውም። ደም ግፊት ኖሮበት ጨው ቀንስ ለተባለ ሰውም እንደዚሁ ነው። ሶፍትነር ያለው ቤትም ሆነ መኪና ለመጠጥና ለወጥ የሚሆን አንድ ያልለሰለሰ መስመር ሊተው ይገባል፤ በሞተርሆም ከሆነ ለብቻው የታከመ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል።

ለስላሳ ውሃ ለልብስ ብቻ ከፈለጉ ደግሞ ክረምት ሲመጣ አሸንዳው ሥር በርሜል ያስቀምጡ። 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 600 ሊትር ነው፤ የመጀመሪያው ጣሪያውን አጥቦ ስለሚወርድ ያፍስሱት፤ 450 ቢተርፍ ያለ ጨው፣ ያለ ሬዚን የለሰለሰ ውሃ ነው። እናቶቻችን ነጠላ የሚያጥቡበትን ውሃ ሲመርጡ ይህን ያውቁ ነበር።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ኖራውን ያጠፋል እየተባለ ይሸጣል። እውነት ነው? ሻጩ በእጁ በያዘው ዲጂታል መለኪያ ውሃውን እየነከረ ያሳያል።

መልስ፦ ማግኔቱ ከውሃው ውስጥ አንዲት ካልሲየም አያወጣም። ቅርፊቱን ይቀንሳል የሚለውም በአስተማማኝ ሁኔታ አልተረጋገጠም፤ ገንዘብዎን ለሲትሪክ አሲድ ያውሉት። መለኪያው ደግሞ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ በአንድ ላይ ይቆጥራል እንጂ ኖራውን ከጨው አይለይም። በትክክል የሚሠራ ሶፍትነር እንኳ ካልሲየምን በሶዲየም ስለሚተካ በዚያ መለኪያ ላይ ቁጥሩ አይወርድም፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ያ መለኪያ ማግኔትን ለማሳመንም፣ ሶፍትነርን ለመክሰስም አይሆንም። ከማግኔቱ ይልቅ በማጣሪያ ቤት ውስጥ የሚገባ ፖሊፎስፌት የሚባል ነገር አለ፤ ኖራውን አያስወግድም፣ ግን እንዳይጋገር ያደርገዋል። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ውሃው በጣም ሲሞቅ ግን ኃይሉ ይደክማል።

ጥያቄ፦ ደባርቅ ነው ያለሁት፤ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ሾፌር ነኝ። መኪናችን ላይ ማጣሪያና ትንሽ ሶፍትነር ተገጥሟል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ጨነቅ ካምፕ ካደርን በኋላ የማጣሪያው ቤት ተሰንጥቆ አገኘነው። ሶፍትነሩ ሲከፈትም ሽታ አለው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውሃ ሲረጋ 9 ከመቶ ያህል ያብጣል፤ የማጣሪያው ቤት ሞልቶ ስለነበር መስፊያ ሲያጣ ተሰነጠቀ። ከመኪናው ውጭ ወይም ከወለሉ ሥር የተገጠመ ነገር ሁሉ ከማምሸቱ በፊት መፍሰስ አለበት፤ የማጣሪያው ቤት፣ ጎማው፣ የፓምፑ ወንፊት። ቧንቧዎቹም ክፍት ሆነው ይደሩ። ሌላው ካምፕ ሳንካበር 3,250 ሜትር ቢሆንም በበጋ ሌሊት አይታመንም።

የሶፍትነሩ ሬዚን ሌላ ጠባይ አለው። በረዶ ሲሠራ እንክብሎቹ ይሰነጠቃሉ፤ የተሰባበረው ዱቄት ቧንቧዎቹ ውስጥ ይገባል። ውሃውን አፍስሰው እንዲደርቅ መተውም አይሆንም፤ የደረቀ ሬዚን ንጹህ ውሃ ሲያገኝ በድንገት አብጦ ይፈነዳል። መፍትሔው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፦ በ9 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ጨው ያሟሙና ሲሊንደሩን በእሱ ይሙሉት። ይህ ውሃ ከዜሮ በታች እስከ 6 ዲግሪ ገደማ አይረጋም፤ ለጀርምም አይመችም። ጉዞ ሲጀመር በደንብ ያጥቡት። ደርቆ ካገኙትም መጀመሪያ የሚያርሱት በንጹህ ውሃ ሳይሆን በጣም ጨዋማ በሆነ ውሃ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ያቅጥኑት።

ሽታው የመጣው ውሃ ውስጡ ለሳምንታት ቆሞ ነው። ሶፍትነር ጀርም አይገድልም፤ እንዲያውም ቆሞ ሲሰነብት መራቢያ ይሆናል። ሲሊንደሩን በጨው እጠቡት። ታንከሩን ደግሞ ሶፍትነሩን ከመስመር አውጥታችሁ በበረኪና አክሙት፦ 5 ከመቶ የሆነ በረኪና ለ100 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር፣ ቧንቧዎቹ ሁሉ ሽታው እስኪደርስባቸው ከፍታችሁ ዝጉ፤ አራት ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ይፍሰስና ሽታው እስኪጠፋ ይታጠብ። ይህን የመሰለ ጠንካራ ክሎሪን በሬዚኑ እንዲያልፍ ካደረጋችሁት ሬዚኑን ታስበሉታላችሁ። በረኪናው ስንት ከመቶ እንደሆነ ከጠርሙሱ አንብቡ፤ 2.5 ከሆነ መጠኑ እጥፍ ነው።

አጠባውንም ፓርኩ ውስጥ አታድርጉት። አንድ ኪሎ ጨው ይዞ የሚወጣው ውሃ ዋልያና ጭላዳ የሚግጡት ሣር ላይ ወይም ምንጭ አጠገብ አይፈስም። ደባርቅ ተመልሳችሁ፣ ከጎመን መደብ ራቅ አድርጋችሁ፣ ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ይውረድ።